ካርባይድ ዊልሰን፦ አሉሚኒየም ሲፈልግ ካርባይድ ያገኘው ካናዳዊ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች፣ የጋዝ ብየዳ በሚሠራባቸው ጋራዦች ደጃፍ ያለፈ ሰው ያን ግራጫ ድንጋይ ሳያየው አይቀርም። ድንጋዩ ውሃ ወዳለበት በርሜል ሲጨመር ይንፈቀፈቃል፤ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አካባቢውን ያውደዋል። ከበርሜሉ የሚወጣው ጋዝ በጎማ ቱቦ ተጉዞ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝና ሲለኮስ ብረት የሚያቀልጥ ነበልባል ይሆናል።

ይህ ድንጋይ እንደ ከሰል ወይም እንደ ጨው ከምድር የሚቆፈር አይደለም። ኖራና ካርቦን በኃይለኛ ሙቀት ተዋህደው የሚሠራ ነው፤ ስሙም ካልሲየም ካርባይድ ይባላል። በፋብሪካ ደረጃ እንዲመረት በር የከፈተው ካናዳዊው ቶማስ ሊዮፖልድ ዊልሰን ነበር። ሆኖም ዊልሰን ያን ዕለት በምድጃው ፊት የቆመው ካርባይድ ፍለጋ አልነበረም።

የአንጥረኛው ረዳት

ዊልሰን የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1860 በዛሬዋ የካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ በዉድስቶክ ከተማ አቅራቢያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ በአገሩ ስም ያለው ነበር፤ አያቱ ጆን ዊልሰን የላይኛው ካናዳ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ነበሩ። ነገር ግን ስምና ሀብት ሁልጊዜ አብረው አይኖሩም። የአባቱ እርሻ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፤ ቤተሰቡም ወደ ሃሚልተን ከተማ ሄደ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም በእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ወጣቱ ዊልሰን ትምህርቱን የተከታተለው በሃሚልተን ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግን አልዘለቀም። በከተማዋ በአንድ አንጥረኛ ዘንድ ተቀጥሮ የብረት ሥራ ተማረ። ዘመኑ ኤሌክትሪክ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ጎዳና መምጣት የጀመረበት ነበር። ዊልሰን በዚያው በአንጥረኛው ቤት ዳይናሞ ሠርቶ፣ በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቅስት የሚያበሩ መብራቶችን ነደፈ። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው በሃሚልተን ከተማ የመጀመሪያዎቹ የአርክ መብራቶች የበሩት በእርሱ ሥራ ነበር።

ሆኖም ያደገባት ከተማ ለሐሳቡ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራትም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒውዮርክና በአካባቢው በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ለዓመታት ቆየ። በዚያም አንድ ሐሳብ አእምሮውን ያዘው። የአርክ መብራት ከብርሃኑ ሌላ ብርቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህን ሙቀት በምድጃ ውስጥ ማሰር ቢቻል የከሰል እሳት ሊያቀልጠው የማይችለውን ማዕድን ያቀልጣል ብሎ አሰበ።

በስፕሬይ የተተከለው ምድጃ

በዚያ ዘመን የባለሀብቶችን ዓይን የሳበው ብረት አሉሚኒየም ነበር። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ በብዛት የሚገኝ ቢሆንም፣ ከኦክስጅን ጋር በጥብቅ ስለተቆራኘ ለይቶ ማውጣቱ ከባድ ነው። በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመክር፣ በኤሌክትሪክ የሚለዩበትን መንገድ አገኙ። ዊልሰን ግን ሌላ መንገድ ይኖራል ብሎ ያምን ነበር።

የእርሱን እምነት የተጋራው ጄምስ ተርነር ሞርኸድ የተባለ የሰሜን ካሮላይና ባለሀብት ነው። ሞርኸድ ስፕሬይ በምትባል መንደር፣ በስሚዝ ወንዝ ዳር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የወንዙን ኃይል የመጠቀም መብት ነበረው። በ1891 ሁለቱ ተጣምረው የዊልሰን አሉሚኒየም ኩባንያን አቋቋሙ። ወንዙ ዳይናሞውን አዞረ፤ ዳይናሞውም ምድጃውን አጋለ።

አሉሚኒየሙ ግን እንደታሰበው አልወጣም። ዊልሰን የአሉሚኒየምን ማዕድን ከካርቦን ጋር ቢያግለውም ያገኘው ጥቂትና ድብልቅ ብረት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ወሰነ። ካልሲየም የተባለው ብረት ኦክስጅንን ከአሉሚኒየም አስበልጦ የሚስብ ነው። መጀመሪያ ካልሲየም ቢያገኝ፣ ካልሲየሙ በተራው ኦክስጅኑን ነጥቆ አሉሚኒየሙን ነጻ ያወጣለታል። ካልሲየም ለማግኘት ደግሞ ኖራን ከካርቦን ጋር ማጋል ይበቃ ይሆናል ብሎ ገመተ።

ጥላሸት ያለው ነበልባል

ሜይ 2 ቀን 1892 ዊልሰን ኖራን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ጋር ደባልቆ በኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ አጋለው። ከምድጃው የወጣው ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ሳይሆን ጠቆር ያለ፣ ተሰባሪ ድንጋይ ነበር። ከውሃ ጋር ሲገናኝም በኃይል ተንፈቀፈቀ፤ ጋዝም ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከግምቱ የራቀ አልነበረም። ካልሲየም ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ድንጋዩ ካልሲየም ከያዘ ጋዙ ሃይድሮጅን መሆን ነበረበት። ጋዙ ሲለኮስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሃይድሮጅን ሲነድ ነበልባሉ ለዓይን የማይታይ ያህል ደብዛዛ ነው፤ ጭስም የለውም። ይህ ነበልባል ደማቅ ነበር፤ ጥቁር ጥላሸትም ይተፋ ነበር። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ሃይድሮጅን ውስጥ ደግሞ ካርቦን የለም።

ሙከራውን ከሽፏል ብሎ ድንጋዩን ከምድጃው ጥራጊ ጋር መጣል ቀላል ነበር። ዊልሰን ግን ያላወቀውን ነገር አውቄዋለሁ አላለም። የድንጋዩን ናሙና ለሊቃውንት ላከ፤ ከእነርሱም አንዱ በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዝነኛው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ነበሩ። ኬልቪን በዚያው ዓመት ድንጋዩ ካልሲየም ካርባይድ መሆኑን አረጋገጡለት። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ቬነብል ጋዙን መርምረው አሴቲሊን መሆኑን አወቁ። በምርመራው የተሳተፈው የቀድሞ ተማሪያቸው ጆን ሞትሊ ሞርኸድ የዊልሰን ሸሪክ ልጅ ነበር።

ካልሲየም ካርባይድም ሆነ አሴቲሊን ለሳይንስ አዲስ አልነበሩም። ኤድመንድ ዴቪ በ1836 አሴቲሊንን አግኝቶ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1862 ካልሲየም ካርባይድን ሠርቶ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን እንደሚሰጥ ጽፏል። ሁለቱ ያገኙት ግን ለቤተ ሙከራ የሚበቃ ቅንጣት ያህል ነበር። በ1892 መጨረሻ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሟሳን በራሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ እዚያው ውጤት ላይ ደረሰ። በ1894ም ከዊልሰኑ የጠራ ካርባይድ ሠርቶ ጠባዩን አጠና። ሟሳን ለሳይንስ ይሠራ ነበር፤ በ1906ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዊልሰን ደግሞ ኦገስት 1892 ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠይቆ በፌብሩዋሪ 1893 አገኘ። የማን ይቀድማል ክርክር ለዓመታት ቢዘልቅም ድንጋዩን በቶን እንዲመረት መንገድ የከፈተው የስፕሬዩ ምድጃ ነው።

ድንጋዩ በውስጡ የያዘው

የካርባይድ አሠራር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። የተቃጠለ ኖራ ከኮክ ወይም ከሌላ የካርቦን ምንጭ ጋር ተደባልቆ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚደርስና ከዚያም ወደሚያልፍ ሙቀት ይወጣል። በዚያ ሙቀት ካርቦን የኖራውን ኦክስጅን ነጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ መልክ ይተናል። የቀረው ካርቦን ከካልሲየሙ ጋር ይዋሃዳል። በሒሳብ ሲሰላ 56 ኪሎ ኖራና 36 ኪሎ ካርቦን 64 ኪሎ ካርባይድ ይሰጣሉ፤ 28 ኪሎው በጋዝ መልክ ይሄዳል። የተለመደ የከሰል እሳት ይህን ሙቀት በቀላሉ አያገኝም። ካርባይድ የኤሌክትሪክ ዘመን ልጅ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚስቶች ካልሲየም ካርባይድን ከአዮናዊ ካርባይዶች ወገን ይመድቡታል። እያንዳንዱ የካልሲየም አቶም ሁለት ኤሌክትሮኖችን ለቆ አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ሁለት የካርቦን አቶሞች ደግሞ እርስ በርሳቸው በሦስት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ተሳስረው፣ ካልሲየሙ የለቀቃቸውን ተቀብለው በጋራ አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። ድንጋዩ የቆመው እነዚህ ተቃራኒ ሙሎች በሚሳሳቡበት ኃይል ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለሽ ነው፤ በገበያ የሚገኘው ግን በውስጡ ባለው ባዕድ ነገር ምክንያት ግራጫ ወይም ቡናማ ነው።

ውሃ ሲነካው ጥንዶቹ ካርቦኖች ሳይለያዩ ከውሃው ሃይድሮጅን ወስደው አሴቲሊን ሆነው ይወጣሉ። ካልሲየሙ የውሃ ኖራ ሆኖ እንደ ነጭ ጭቃ ከበርሜሉ ግርጌ ይዘቅጣል። አንድ ኪሎ የገበያ ካርባይድ 300 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ንጹሕ አሴቲሊን የነጭ ሽንኩርት ሽታ የለውም፤ ያ ሽታ የሚመጣው በድንጋዩ ውስጥ ካለ ፎስፈረስ ከሚወጣው ፎስፊን ከተባለ መርዛማ ጋዝ ነው።

ብርሃንና ሀብት

የዊልሰን የመጀመሪያ ዕድል የነበልባሉ ድምቀት ነበር። አሴቲሊን በትክክለኛ ቀዳዳ ሲወጣ ነበልባሉ ነጭና ጥርት ያለ ነው፤ ከዘመኑ የከሰል ጋዝ መብራትም እጅግ ይደምቃል። ድንጋዩን በቆርቆሮ አሽጎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወዳልደረሰበት ገጠር መውሰድ ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ውሃ ብቻ ነው። ብስክሌቶች፣ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎችና የማዕድን ቆፋሪዎች መብራቶች በካርባይድ በሩ።

ዊልሰንና ሞርኸድ የአሜሪካውን መብት ሸጡ። በ1898 በዚህ መብት ላይ ዩኒየን ካርባይድ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ተመሠረተ። ዊልሰን የካናዳውን መብት ለራሱ አስቀርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1895ም የካሊፎርኒያ ተወላጅ የሆነችውን ሜሪ ፓርክስን አግብቶ ነበር። በ1896 በሜሪተን፣ በዌላንድ ቦይ ዳር፣ በውሃ ኃይል የሚሠራ የካርባይድ ፋብሪካ ከፈተ። ሌሎች ፋብሪካዎች በኦታዋና በሻዊኒጋን ተከተሉ። ሰዎችም ካርባይድ ዊልሰን ብለው ይጠሩት ጀመር።

በኦታዋ ሲኖርም ሥራው ወደ ባሕር ሰፋ። መርከቦችን ከአለት የሚያስጠነቅቁ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ፣ በአሴቲሊን የሚበሩ ምልክቶችን ሠራ። ምልክቶቹን የሚያመርት ኩባንያም አቋቁሞ ወደ ውጭ አገር ሸጠ። በ1909 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የማክቻርልስን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተቀባዩ እርሱ ሆነ።

በዚህ መካከል ነበልባሉ ሌላ ሙያ አገኘ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉ ሻተልዬ በ1895 አሴቲሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ እንደሚበልጥ አስታወቀ። በአዲሱ ክፍለ ዘመን መባቻ ይህን ነበልባል የሚይዝ የእጅ መሣሪያ ተሠራ። የኤሌክትሪክ አምፖል የካርባይድን መብራት ከቤት ባስወጣ ጊዜ ብየዳ ድንጋዩን ከመረሳት አዳነው። በጀርመንም ካርባይድን ከናይትሮጅን ጋር አዋህዶ ማዳበሪያ መሥራት ተጀመረ።

ወንዙን ያስያዘው ሰው

ዊልሰን ሀብቱን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። ጠባዩ ግን አልፈቀደለትም። አንድ ሥራ መልክ ሲይዝ እርሱ ወደሚቀጥለው ይሄድ ነበር፤ የቀደመው ያስገኘው ገንዘብም ለቀጣዩ ይውላል። የካርባይድ ጥቅሙን በጊዜ ሂደት ለሌሎች ለቆ ልቡን ወደ ማዳበሪያ አዞረ። በኩቤክ ግዛት፣ በሚች ሐይቅ ዳር፣ በ1907 የበጋ መኖሪያ ቤት ሠርቶ ነበር። ከሐይቁ በሚወጣው ጅረት ላይ ደግሞ ግድብና የፎስፌት ማዳበሪያ መሥሪያ አቆመ።

ትልቁ ሕልሙ ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ይገኝ ነበር። በኩቤክ በሚገኙት በሳግኔና በሺፕሾ ወንዞች ላይ የውሃ ኃይል መብት ያዘ። ውሃው ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው እህል እንዲሆን አሰበ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ሰው ካዝና የሚወጣ አልነበረም። በትምባሆና በኤሌክትሪክ ኃይል ከበለጸገው አሜሪካዊ ጄምስ ዱክ ብድር ወሰደ፤ ለመያዣም የፈጠራ መብቶቹንና የወንዝ መብቶቹን አቀረበ። ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ፤ ዊልሰን ግን ገንዘቡ አልነበረውም። ዱክም ያስያዘውን ወሰደ። በሃያ ዓመት ያካበተው ሀብት ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ከእጁ ወጣ።

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዊልሰን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፊቱን ወደ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር አዙሮ አዲስ የውሃ ኃይል ዕቅድ ነደፈ። በ1914 የፈነዳው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን የገንዘብ ምንጮቹን አደረቀበት። ዲሴምበር 20 ቀን 1915 ለዚሁ ዕቅድ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሄደባት ኒውዮርክ በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 55 ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ዛሬ ከፍተኛውን የካርባይድ መጠን የምታመርተው ቻይና ናት፤ በአብዛኛው የምትጠቀምበትም የፕላስቲክ ቱቦ ለሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ድንጋዩ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ፍራፍሬ ገበያም ገብቷል። አሴቲሊን ፍሬ ራሱን የሚያበስልበትን ኢትሊን የተባለ ጋዝ ስለሚመስል፣ ያልበሰለ ሙዝና ማንጎ ከካርባይድ ጋር ተሸፍኖ ሲቀመጥ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። የቆዳው ቀለም ግን የውስጡን መብሰል አያረጋግጥም። ከዚህም በላይ የኢንዱስትሪ ካርባይድ አርሰኒክና ፎስፈረስ ሊኖርበት ስለሚችል ብዙ አገሮች ይህን አሠራር ከልክለዋል።

ለበያጆችም ድንጋዩ ቸር ብቻ አይደለም። አሴቲሊን በአየር ውስጥ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል፤ በባዶ ዕቃ ታምቆ ሲታመቅ ደግሞ ያለ አየርም ይፈነዳል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ቀዳዳ በበዛበት መሙያ ውስጥ በአሴቶን እንዲሟሟ የሚደረገው ለዚህ ነው። በክፍት እሳት አጠገብ የሚቀመጥ የካርባይድ በርሜል፣ ወይም ዝናብ የሚያገኘው የድንጋይ ቆርቆሮ፣ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በሚች ሐይቅ ዳር ያለው የዊልሰን ቤት አሁንም ቆሟል። በ1987 የካናዳ መሪዎች ስለ አገራቸው ሕገ መንግሥት የተደራደሩትና በሐይቁ ስም የተጠራውን ስምምነት ያበጁት በዚያ ቤት ነው። የማዳበሪያው መሥሪያ ፍርስራሽም በጫካው ውስጥ ለእግረኞች ይታያል።

ያጣው ወንዝ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። የሳግኔ መብት ከዱክ እጅ ወደ አሉሚኒየም አምራቾች ተላለፈ። በ1926 በወንዙ አካባቢ አርቪዳ የተባለች የአሉሚኒየም ከተማ ተቆረቆረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለዚሁ ምርት የሺፕሾ ግድብ ተገነባ። ዊልሰን በስፕሬይ ምድጃ ፊት ቆሞ የፈለገውና ያላገኘው ብረት፣ እርሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ባጣው ወንዝ ኃይል በቶን ይመረት ጀመር።